የጣቢያው ሹም የመጨረሻ ቃል

ዩስራ ዘይኑልአቢዲን በኖቬምበር ሦስተኛ ሳምንት፣ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ፣ በሆላንድ ከዴን ሃኽ ከተማ አጠገብ ራይስዋይክ ወደሚገኘው የአቶ ወርቅአፈራሁ መኖሪያ የመጣችው በአንድ ዓረፍተ ነገር ምክንያት ነበር። ዓረፍተ ነገሩ እስከ ዐርብ መወሰን ነበረበት።

ዩስራ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ናት። የምትሠራው ሮተርዳም ውስጥ በአንድ አነስተኛ ሲኒማ ቤት ነው። ሲኒማ ቤቱ በየዓመቱ በኖቬምበር መጨረሻ እሑድ «ጣቢያው ክፍት ነው» የተባለውን የቆየ የእንግሊዝ አስቂኝ ፊልም ያሳያል። ፊልሙ በተሠራበት ዘመን በገዛ አገሩ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይታይ ከየአዳራሹ ወርዶ ነበር። ኋላ ግን በዝናባማ እሑዶች በቴሌቪዥን እየተደጋገመ ሲተላለፍ የራሱን ወዳጆች አፈራ። ዛሬ በአምስተርዳምና በሮተርዳም በየዓመቱ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሻንጣ አንጠልጥሎ፣ ፊሽካና አረንጓዴ ባንዲራ ይዞ ሊያየው ይመጣል። የሆላንድ ተመልካቾች ፊልሙን በቃላቸው ስለሚያውቁት የግርጌ ጽሑፍ አያስፈልጋቸውም። ስለዚህ ዩስራ ለአለቆቿ ሐሳብ አቀረበች፤ ዘንድሮ አርባ ወንበር ለዴን ሃኽ ኢትዮጵያውያን እንዲያዝ፣ የግርጌ ጽሑፉም በአማርኛ እንዲሆን። አለቆቿ ተስማሙ። አርባው ሰው ከማንም ሆላንዳዊ ባልተናነሰ ፊልሙን እንደሚወደው ነግራቸዋለች፤ የተናገረችውም እውነት ነበር።

የፊልሙ ታሪክ አጭር ነው። ዊደርቢ በምትባል የገጠር ከተማ የሚገኝ የባቡር ጣቢያ በመንግሥት ትእዛዝ ይዘጋል፤ የመዘጋቱን ደብዳቤ ግን ሽማግሌው የጣቢያው ዕቃ ተሸካሚ ሳያነበው ለሚነቃነቅ ጠረጴዛ መደገፊያ ያደርገዋል። የጣቢያው ሹም ሚስተር ሃልምሌይ ምንም ስላልሰማ በየማለዳው በሩን ይከፍታል፣ ሰዓቱን ያስተካክላል፣ ትኬት ይቆርጣል። የከተማው ሰው እውነቱን ቢያውቅም ለሹሙ መንገር ነውር መስሎ ስለሚታየው በየቀኑ ሻንጣውን ይዞ ይሰለፋል፤ ሲመሽ ደግሞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በመጨረሻ አንድ መንገድ የሳተ ባቡር በእርግጥ ይመጣል። ሚስተር ሃልምሌይ ወደ ባቡሩ ነጂ ይሄዳል፤ ጀርባውን ለተመልካች ሰጥቶ አንድ ነገር ይናገራል፤ ባንዲራውን እያውለበለበ ባቡሩን ይመልሰዋል፤ ከዚያም አግዳሚ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል።

ዩስራ ኮምፒውተሯን ጠረጴዛው ላይ ከፈተች።

«አባባ ወርቄ፣ እዚህ ጋ ችግር አለ።»

«ምን ዓይነት ችግር?»

«የጣቢያው ሹም መጨረሻ ላይ አንተ የምትለውን አይልም።»

ዩስራ እዚህ አገር ተወልዳ ያደገች በመሆኗ ታላቁንም ታናሹንም «አንተ» ነው የምትለው። አቶ ወርቅአፈራሁ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ከእርሷ አንደበት ሲወጣ ግን ቅር አይላቸውም። መነጽራቸውን አድርገው ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ አሉ።

«ምን ይላል?» አሉ፣ መልሱን ቢያውቁትም።

«"ይህ ባቡር በጊዜ ሰሌዳው ላይ የለም፤ እባክዎ ይመለሱ።" ዳት ኢስ አለስ። ይኸው ነው፣ በቃ! ስምንት ቃል። የአንተን ደግሞ አዳራሽ ውስጥ ስትተረጉም ከተቀረጸው ቪዲዮ ላይ ጻፍኩት። ሃያ ሁለት ቃል! የሰውዬው አፍ እኮ ይህን ያህል አይንቀሳቀስም።»

«ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚናገረው።»

«ኤ! አውቀህ ነዋ!»

«አዎን» አሉ አቶ ወርቅአፈራሁ። «አውቄ ነው።»

ነገሩ የተጀመረው ከሠላሳ ዓመት በፊት ነው። አቶ ወርቅአፈራሁ ከመሰደዳቸው በፊት በአገር ቤት ደሴ ውስጥ የእንግሊዝኛ መምህር ነበሩ። ቅዳሜና እሑድ በአንድ ቪዲዮ ቤት ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆመው ፊልም ይተረጉሙ ነበር። የዚያ ሥራ ወግ የታወቀ ነው። ድምፁ ዝቅ ይላል፤ አስተርጓሚው የሁሉንም ተዋንያን ድምፅ ለብቻው ይዞ ይናገራል፤ ተመልካቹም ዓይኑን ለምስሉ፣ ጆሮውን ለአስተርጓሚው ይሰጣል። አስተርጓሚው ዝም ካለ ተዋናዩም አልተናገረም ማለት ነው። ጎበዝ አስተርጓሚ የሚባለውም ቃል በቃል የሚከተለው ሳይሆን አዳራሹን ይዞ የሚዘልቀው ነው።

በፈረንጆች 1995 በሰሜን ሆላንድ በሚገኝ የስደተኞች መቀበያ አርባ ያህል ኢትዮጵያውያን ውሳኔ ይጠብቁ ነበር፤ አቶ ወርቅአፈራሁም ከመካከላቸው ነበሩ። አንዲት የሰፈሩ ሴት በካርቶን ካመጣቻቸው የቪዲዮ ካሴቶች መካከል የሚሠራው «ጣቢያው ክፍት ነው» ብቻ ሆኖ ተገኘ። የደሴ ሰዎች መምህሩን ያውቋቸው ስለነበር ቀጥ አድርገው ከቴሌቪዥኑ ጎን አቆሟቸው። ፊልሙ እየሄደ ሰው ሳቀ፤ ተሸካሚው ሲወድቅ፣ መዘጋቱን ሊያጣራ የመጣው የመንግሥት መርማሪ እንዲሰለፍ ሲታዘዝ፣ ሁሉም ሳቀ። መጨረሻው ሲቃረብ ግን አዳራሹ ጸጥ አለ። አቶ ወርቅአፈራሁ ቀና ብለው የተቀመጡትን ሰዎች አዩ። ስምንት ወር፣ ዐሥራ አራት ወር፣ ሁለት ዓመት የጠበቁ ሰዎች ናቸው። የተጠበቀው ባቡር መጥቶ ሳለ በአንድ ወረቀት ምክንያት ሲባረር ለእነዚህ ሰዎች እንዴት ተደርጎ ይነገራል? ሚስተር ሃልምሌይ ጀርባውን ሲያዞር አቶ ወርቅአፈራሁ እንዲህ አሉ፦

«ይህ ባቡር የእኛ አይደለም። የእኛ ገና በመንገድ ላይ ነው። የቸኮለ ይሳፈር፣ አልከለክለውም፤ የሚጠብቅ ግን ሻንጣውን ያስቀምጥ፣ ይቀመጥም። እኔ እዚህ ነኝ፤ በሩን አልዘጋም።»

ሹሙም በምስሉ ላይ ሄዶ ተቀመጠ። ምስሉና ቃሉ ልክ ገጠሙ። ያለቀሰም ነበር።

በዚያ አዳራሽ የዩስራ አባት ዘይኑልአቢዲን ተቀምጦ ነበር። የሠላሳ ሁለት ዓመት የኮምቦልቻ ልጅ ነበር። በማግስቱ እሱና ጓደኛው መህዲ በአንድ ሰው መኪና ወደ ሮተርዳም ወደብ ሊሄዱና በጭነት መኪና ተደብቀው ወደ እንግሊዝ ሊሻገሩ ተስማምተዋል። ፊልሙ ሲያልቅ ዘይኑልአቢዲን ክፍሉ ገብቶ ያሰረውን ሻንጣ ፈታ። መህዲ ብቻውን ሄደ፤ ተሻገረም። ዛሬ በርሚንግሃም ውስጥ ሱቅ አለው፤ የልጅ ልጅ አይቷል። ዘይኑልአቢዲን ደግሞ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት በመቀበያው ጠበቀ። በሦስተኛው ዓመት እናቱ ኮምቦልቻ ውስጥ ሞተች፤ መሄድ አልቻለም። ከዚያ ወረቀቱ መጣ፤ ፋሪዳን አገባ፤ ዩስራ ተወለደች።

የዴን ሃኽ ኢትዮጵያውያን በየዓመቱ በፈረንጆች ገና ማግስት፣ ቀኑ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም የማንም በዓል ሳይሆን ሁሉም ከሥራ ነፃ ስለሚሆን፣ በስኪልደርስዋይክ የሰፈር መሰብሰቢያ አዳራሽ ፊልሙን ያዩታል። ድምፁ ዝቅ ይላል፤ አቶ ወርቅአፈራሁ ቆመው ይናገራሉ። ዘይኑልአቢዲን የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ይቀመጥና መጨረሻው ላይ ለአጠገቡ ሰው ሁሉ «እኔን እዚህ ያስቀረኝ ይህ እንግሊዛዊ ነው» ይላል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ብሏል።

«የአንተን ልጻፈው?» አለች ዩስራ። «ደቾቹ አማርኛ አያነቡም። የእኛዎቹ የሚጠብቁት የአንተን ነው። ፓፓ ደግሞ…» ኮምፒውተሩን አየች እንጂ አልጨረሰችውም። «አባባ ወርቄ፣ እኔ እኮ በዚህ ዓረፍተ ነገር ነው የተወለድኩት።»

«እስከ ዐርብ ጊዜ ስጪኝ።»

«ዐርብ ጠዋት። ከዚያ ፋይሉ ይሄዳል።»

አቶ ወርቅአፈራሁ ሁለት ቀን አሰቡበት። እሺ ብለዋት ዩስራ የእርሳቸውን ቃል ብትጽፈው ማንም አይጠይቅም፤ ዘይኑልአቢዲንም እስከ ዕለተ ሞቱ ሳያውቅ ይኖራል፤ በመካከላቸው ያለው የሠላሳ ዓመት ወዳጅነትም እንደነበረ ይቀጥላል። ይህን ሁሉ በሚገባ መዘኑት። ሆኖም በአፍ የተነገረና በጽሑፍ የሠፈረ ነገር በእርሳቸው ዘንድ እኩል አልነበረም። ቆሞ የሚናገር አስተርጓሚ በገዛ ፊቱና በገዛ ድምፁ ይናገራል፤ ሰሚውም ቢያንስ ማንን እንደሚሰማ ያውቃል። ከሰውየው ምስል ሥር የተጻፈ ቃል ግን የሰውየው ቃል ነው ተብሎ የተሰጠ ምስክርነት ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ተማሪ ከሌላው ገልብጦ የራሱ አስመስሎ ሲያቀርብ ሲቀጡ የኖሩ ሰው፣ የራሳቸውን ቃል በሌላ ሰው ስም ሊያትሙ አልወደዱም። ሐሙስ ጠዋት ለዩስራ ደወሉ።

«እንዳለ ጻፊው። ስምንቱን ቃል።»

«ፓፓስ?»

«ለአባትሽ እኔው እነግረዋለሁ። አንቺ ምንም አትበዪ።»

ዘይኑልአቢዲን በሳምንቱ ቀናት በአንድ የዕቃ ማከፋፈያ መጋዘን ይሠራል። ቅዳሜ ጠዋት ግን ወደ ስኬቨኒንገን ወደብ ወርዶ ዓሣ የመግዛት ልማድ አለው። አቶ ወርቅአፈራሁ በትራም ሄደው ከዓሣ መሸጫው በር ላይ አገኙት። ነፋሱ ኃይለኛ ነበር።

«መምህር!» አለ ዘይኑልአቢዲን። «እርስዎን ደግሞ ምን ነፋስ አወጣዎት? የነቢያት ጾም ሊገባ ነው፤ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚሁ ሊያጣሩ መጡ?»

«የመጣሁት አንተን ፈልጌ ነው።»

«ሰላም ነው?»

«ሰላም ነው። ተቀመጥ።»

የወደቡን ጀልባዎች ፊት ለፊት የሚያይ ወንበር ላይ ተቀመጡ። አቶ ወርቅአፈራሁ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ምንም ሳያስቀሩ ምንም ሳያለሰልሱ ተናገሩ፤ ይቅርታም ጠየቁ። ዘይኑልአቢዲን የዓሣውን ከረጢት ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሰማ።

«እና ምን ነበር ያለው?» አለ።

«ባቡሩ በጊዜ ሰሌዳው ላይ የለም፤ ይመለሱ፤ ነው ያለው።»

«ለማን?»

«ለባቡሩ ነጂ።»

«ባቡሩ ከመጣ በኋላ?»

«ከመጣ በኋላ።»

«ያ ሁሉ ሰው ሻንጣውን ይዞ ቆሞ እያለ?»

«አዎን።»

«ታዲያ ሰውየው ጅል ነዋ!»

«ፊልሙ እኮ አስቂኝ ፊልም ነው፣ ዘይኑ።»

ዘይኑልአቢዲን አልሳቀም። አንድ ጀልባ ሞተሩን አስነሥቶ ከወደቡ እስኪወጣ ድረስ አየው።

«እናቴ የሞተች ጊዜ» አለ፣ «ማንን እንደረገምኩ ያውቃሉ? ያንን እንግሊዛዊ። መህዲ እንግሊዝ በገባ በዓመቱ ወረቀት አገኘ። ከእሱ ጋር ብሄድ ኖሮ አገር ቤት ገብቼ አልቅሼ እቀብራት ነበር አልኩ። ያንን ሰው በሌለበት ሰደብኩት። ልጄ ስትወለድ ደግሞ መረቅኩት። ስድቤም ምርቃቴም ባዶ ቤት ነበር ለካ የሚደርሰው።»

«ዘይኑ…»

«ይቆዩኝ፣ መምህር። ለቅሶ ስቀመጥ እርስዎ አጠገቤ ነበሩ። ሦስት ቀን። ሻይ ያመጡልኝ ነበር። እሱን ስራገም ይሰሙኛል። "የተናገርኩት እኔ ነኝ" አላሉም።»

«አላልኩም።»

«ለምን?»

«ፈራሁ።»

«ያኔስ እሺ። ያኔ ብሰማ እመታዎት ይሆናል። ከዚያ በኋላ ባለው ሃያ ሰባት ዓመትስ?»

አቶ ወርቅአፈራሁ ቢመልሱ እውነት የሚሆነው ያው «ፈራሁ» የሚለው ቃል ነበር።

ዘይኑልአቢዲን ተነሣ። ሌላ ጊዜ በተገናኙበት ሁሉ አብረው በአንድ ትራም ይመለሱ ነበር፤ በዚያን ቀን ግን ወደ መቆሚያው ብቻውን ሄደ።

«እሑድ ሳምንት ትመጣለህ?» አሉት ከኋላው።

«አላውቅም» አለ ሳይዞር።

በመካከሉ ባሉት ስምንት ቀናት አልተደዋወሉም። ይህ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሆኖ የማያውቅ ነገር ነው። አቶ ወርቅአፈራሁ ሁለት ጊዜ ስልኩን አንሥተው መልሰው አስቀመጡት። ይቅርታ ለመጠየቅ ጠይቀዋል፤ ማባበል ደግሞ ነገሩን እንደገና ወደ መተርጎም የሚወስድ መሰላቸው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ የሮተርዳሙ ሲኒማ ቤት ደጃፍ በሻንጣ ተሞልቶ ነበር። የጣቢያ ሹም ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌዎች፣ የተሸካሚውን ካባ የለበሱ ተማሪዎች፣ ፊሽካ በአንገታቸው ያንጠለጠሉ እናቶችና ልጆች ተሰልፈዋል። በሩ ክፍት ቢሆንም አይገቡም፤ መሰለፉ ራሱ የጨዋታው አካል ነው። አርባዎቹ ኢትዮጵያውያን ነገሩ ሳይገባቸው አብረው ተሰለፉ።

«መምህር፣ እነዚህ ሰዎች ተጓዦች ናቸው ወይስ ተመልካቾች?» አለች ሐምራዊት። ሐምራዊት በአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ፣ እንደ እርሳቸው ከዚያው መቀበያ የወጣች ሴት ናት።

«ተመልካቾች ናቸው።»

«ለሁለት ሰዓት ፊልም ነው ይሄ ሁሉ ሻንጣ? ወይ ጉድ!»

ፋሪዳ ብቻዋን መጣች። ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ አጠገቧ ያለውን በቦርሳዋ ያዘችው።

«ይመጣል?» አሏት አቶ ወርቅአፈራሁ።

«ስወጣ ካፖርቱን ለብሶ ሳሎን ቁጭ ብሎ ነበር። ሊመጣ ይሁን ካፖርት ለብሶ ሊውል፣ እኔ እንጃለት» አለች።

ፊልሙ ተጀመረ። አቶ ወርቅአፈራሁ ይህን ፊልም ተቀምጠው ሲያዩት የመጀመሪያቸው ነበር። እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት እንኳ አላወቁም። የሆላንድ ተመልካቾች ከተዋንያኑ እኩል ይናገራሉ፤ የባቡሩ መዘግየት በተነገረ ቁጥር ፊሽካ ይነፋሉ። ኢትዮጵያውያኑም የግርጌ ጽሑፉን እያነበቡ ቀድሞ በማይሥቁበት ቦታ መሣቅ ጀመሩ። የጣቢያው ሹምና የዳቦ ቤቷ ባለቤት በትኬት መቁረጫው መስኮት የሚነጋገሩበት ትዕይንት ሲመጣ ሐምራዊት አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ይሄን እኮ አልነገሩንም!»

«ለጨዋ ጆሮ የሚሆን አልነበረም» አሉ አቶ ወርቅአፈራሁ።

«ሠላሳ ዓመት ስለ ዱቄት ዋጋ ነው የሚነጋገሩት ብለውን!»

በዚያው ቅጽበት ፋሪዳ ወደ ኋላ ዞር አለች። አቶ ወርቅአፈራሁ የእርሷን ዓይን ተከትለው አዩ። ዘይኑልአቢዲን ከመጨረሻው ረድፍ ጥግ፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ ተቀምጦ ነበር።

ከዚያ በኋላ ባለው ግማሽ ሰዓት አቶ ወርቅአፈራሁ ፊልሙን አላዩትም። የሚያስቡት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት በወዳጅነት የያዙት ሰው ከዚህ አዳራሽ እንዴት ሆኖ እንደሚወጣ።

ባቡሩ መጣ። ሁለት መቶ ሰው ብድግ አለ። ሚስተር ሃልምሌይ ጀርባውን አዞረ፤ ስምንቱ ቃል በነጭ ፊደል ከሥሩ ታየ፤ አዳራሹ በፊሽካና በሣቅ ተናወጠ፤ አረንጓዴ ባንዲራዎች ተውለበለቡ፤ ሁሉም በአንድ ድምፅ ባቡሩን አባረሩት። ከአርባዎቹ ግማሾቹ ሣቁ። ግማሾቹ ወደ አቶ ወርቅአፈራሁ ዞረው አዩ። ሐምራዊትም አየቻቸው። ሰው ሁሉ ስለቆመ የኋላውን ረድፍ ማየት አልተቻለም።

መብራት ሲበራ በመተላለፊያው ተሰበሰቡ። ዩስራ ከትኬት መቁረጫው ወጥታ ከእናቷ ጎን ቆመች። ዘይኑልአቢዲን ከሁሉም በኋላ መጣና በቀጥታ ወደ አቶ ወርቅአፈራሁ ሄደ።

«አየሁት» አለ። «ጅል ነው።»

«ነው።»

«ጅል ብቻም አይደለም። አውቀዋለሁ። ገሜንተ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ስሄድ መስኮቱ ጀርባ ያለው እሱ ነው። ፊቱ ቆሜ፣ ወረቀቴን ይዤ፣ "አፍስፕራክ የለዎትም፣ ቀጠሮ ይዘው ይመለሱ" ያለኝ እሱ ነው። ደቾቹ የሚሥቁት ከመስኮቱ ወዲያ ሆነው ስላደጉ ነው፤ አጎታቸው ነው፣ አባታቸው ነው። እኛ ከወዲህ ነበርን። አሁን ሲገባኝ እኔም ሣቅሁ።»

«ሣቅህ?»

«አንድ ጊዜ። ግን ከእርስዎ ጋር አልታረቅኩም፣ መምህር። ይህን ይወቁልኝ።»

«አውቄዋለሁ።»

«ፓፓ…» አለች ዩስራ።

«አንቺ ቆይ። የአንቺን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ፣ ጥሩ ነው።» ወደ አቶ ወርቅአፈራሁ ተመለሰ። «ለፈረንጅ ገና ማግስት እንደ ቀድሞው ይቆማሉ። ይናገራሉ። የዳቦ ቤቷንም ጨምረው።»

«እሷን ተዋት!» አለች ሐምራዊት እየሣቀች። «ልጆች አሉ!»

«እሷን እንኳ እተዋታለሁ። መጨረሻው ላይ ግን ዝም ይላሉ። እሱን የምናገረው እኔ ነኝ።»

«አንተ?»

«እኔ። የጠበቅኩት እኔ ነኝ፤ እርስዎም ጠብቀዋል፤ ሰውየው ግን አልጠበቀም። ምን መባል እንዳለበት የማውቀው እኔ ነኝ።»

«ምን ልትል ነው?»

«ገና አላወቅሁም። አንድ ወር አለኝ።»

ያ ቦታ ሠላሳ ዓመት የአቶ ወርቅአፈራሁ ነበር፤ በዚያ አዳራሽ ያላቸው ክብር ሁሉ የተመሠረተው በዚያች ደቂቃ ላይ ነበር።

«ይሁን» አሉ።

«መሐል ገብተው እንዳያርሙኝ ደግሞ።»

«አላርምህም።»

«ቢያቅተኝም?»

«ቢያቅትህም ዝም እላለሁ» አሉ አቶ ወርቅአፈራሁ። ዘይኑልአቢዲን ራሱን ነቅንቆ የካፖርቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታ፤ ከዚያም ፋሪዳ ቡና ስታዝዝ ሁለት ብላ እንዳትቀር፣ የመምህሩን ጨምራ ሦስት እንድትል ነገራት።